ሰባተኛዋ ጣውላ

ይፍረስ ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቀድሞ ሳይነግራችሁ እኔው ልናገርና ይውጣልኝ። "ይህ በረንዳ ይፍረስ፣ በሲሚንቶ ይሠራና ሁላችንም እንረፍ!" ብዬ ጠረጴዛ የመታሁት፣ ሻይ የደፋሁት እኔ ነኝ። ስለ እህቴ ባል ላወራችሁ ስለሆነ፣ የሰው ጉድ ከመዘርዘሬ በፊት የራሴን ማስቀደሙ ደግ ነው።

የእህቴ ባል አናጢ ነው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፤ ሰፈሩ ግን "ውሃልክ" ነው የሚለው። ውሃልክ ማለት ያቺ በመሃሏ የአየር ጠብታ ያለባት፣ ጠማማውን ከቀናው የምትለይ የአናጢ መሣሪያ ናት። ስሙ ያለ ነገር አልወጣለትም። ሰው ቤት ሄዶ ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ፎቶ ካየ የቀረበለት ሻይ አይወርድለትም፤ "ይቅርታ" ይልና ተነሥቶ ያቃናዋል። አንድ ጊዜ ጥርስ ሊያስነቅል ሄዶ አፉን ከፍቶ እንደተቀመጠ የሐኪሙ ቁም ሳጥን ሲጢጥ ሲል ሰማ። መርፌው ድዱን እስኪያደነዝዘው ድረስ ተነሥቶ የበሩን ማጠፊያ አጥብቆለት ተመለሰ። ሐኪሙ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘው ቆሞ ነው ሰላም የሚለው።

እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባሌ ሲሞት "ለሁለት ሳምንት ብቻ" ብዬ የስፌት መኪናዬን አሸክሜ እህቴ ቤት ገባሁ፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቴ። አንድም ቀን "መቼ ነው የምትሄጂው?" አላሉኝም። በገባሁ በሦስተኛው ቀን ጋሼ ክፍሌ መጣና የመኪናዬ ጠረጴዛ እግር ሥር ስባሪ ጣውላ ከተተ። "ይነቃነቃል፤ መስመርሽን ያጣምምብሻል" አለኝና ወጣ። የምቀመጥ ሰው መሆኔን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ይህ ሰው የእንጨት ወለል ሠርቶ ሲጨርስ "አለቀ" አይልም። መጀመሪያ ወለሉ ሥር ይገባና በጀርባው ይተኛል። ከዚያ የቤቱን ባለቤት ከላይ ያራምደዋል። "ወለል ከላይ አይመረመርም፤ ከላይ ሁሉም ያምራል" ይላል። ትንሽ ድምፅ ከሰማ ከሥር ሆኖ በጣቱ ያንኳኳል፣ ወጥቶ ያጠብቃል፣ እንደገና ይተኛል። ጭጭ ሲልለት ብቻ ነው አቧራውን አራግፎ ወደ ቤቱ የሚመጣው። አርባ ዓመት እንዲህ ሠርቷል። እሱ የሠራው ወለል ላይ ሌባ ቢገባ ባለቤቱ አይነቃም ብለው ይቀልዱበታል።

የራሱ በረንዳ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከወጥ ቤታችን በር ወደ ጓሮ የሚወጣ የእንጨት በረንዳ አለን። ልጃቸው የተወለደ ዓመት፣ እህቴ ሕፃኑን ታቅፋ ፀሐይ እንድትሞቅበት ብሎ፣ ከየሥራው ከተረፈ ጣውላ ገጣጥሞ ሠራው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። ትርፍራፊ ስለሆነ አንዱ ጣውላ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ጉጥ ያለበት ነው። በቀኝ በኩል የእህቴ ባለ መደገፊያ ወንበር አለች። በግራ የጓሮው ቧንቧ ነው። ፊት ለፊት ቀጥ ብለው ከሄዱ ሁለት ደረጃ ወርደው ዛፉ ሥር ይደርሳሉ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ያስፈልጋችኋል።

እህቴ ስልከኛ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ስልክ ቤት ተቀምጣ ሰው ከሰው ስታገናኝ የኖረች ናት። የከተማው ግማሽ ቁጥር ጭንቅላቷ ውስጥ ነበር፤ ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ "የዚያ የመድኃኒት ቤቱ ቁጥር ስንት ነበር?" ካላችኋት ሽንኩርት እየከተፈች ትነግራችኋለች። ከአራት ዓመት በፊት ዓይኗን የዓይን ግፊት ያዘው። ሐኪሙ "የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን" አለ። እሷም "ትንሽ ጭጋግ ነገር ነው፣ ይታየኛል" አለች፤ እኛም አመንን።

ለምን አናምን! ቤት ውስጥ እንደ ንግሥት ነው የምትራመደው። ሻይ ታፈላለች፣ ልብስ ታጥፋለች፣ በረንዳው ላይ ወጥታ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። ሰው ሲመጣ "እሰይ፣ አምሮብሃል!" ትላለች። ልጇን "ይህች ሸሚዝ አምራብሃለች"፣ እኔን "ዛሬ ፊትሽ ወዝ አለው"። ሰው ሲመሰገን መቼ ይመረምራል!

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው፤ እኛ ክርክራችን ስለ እንጨት መስሎን ነበር። ስለ እንጨት አልነበረም። እህቴ ከገዛ ቤቷ በር ብቻዋን፣ የማንንም እጅ ሳትይዝ መውጣት መቻሏና አለመቻሏ ነበር የሚቆረጠው። ይህን የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ነበረች።

ባለፈው ዓመት ዝናቡ በረታ። ሲያባራ ጋሼ እንደ ልማዱ አሮጌ ካቻቪቴውን ይዞ በረንዳው ሥር ገባ። በየዓመቱ ያደርገዋል፤ ምሰሶዎቹንና ተሸካሚዎቹን አንድ በአንድ በካቻቪቴው ጫፍ ይወጋል። ጤነኛ እንጨት አያስገባም፣ የበሰበሰ ያስገባል። ሁለት እግሩ ብቻ ከሥር ወጥቶ ስናይ "ጋሼ፣ በሕይወት አለህ?" እንለዋለን። "አለሁ፣ አትርገጡኝ" ይላል። ያን ቀን ግን ብቅ ሲል ፊቱ ዳምኗል።

"እስከ እጀታው ገባ" አለ።

እሑድ ልጃቸው መጣ። ኮንትራክተር ነው፤ ፎቅ ያስገነባል፣ ሜትር ከኪሱ አይለይም። በረንዳውን ዞረው፣ ጎንበስ ብሎ አየው፣ በጣቱ ምሰሶውን ሲነካው እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ረገፈለት።

"አባዬ፣ ይህ አልቆለታል። በሁለት ቀን አፍርሼ ሲሚንቶ አፈስበታለሁ፤ ላዩን ሴራሚክ። መቶ ዓመት አይነቃነቅም።"

"ሲሚንቶ!" አለ ጋሼ፤ እባብ ያሉት ነው የሚመስለው። "አናጢ ቤት ሲሚንቶ?"

"ታዲያ ምን ይሁን?"

"ይጠገናል።"

"ምኑ ነው የሚጠገነው? ሰው ሊወድቅ ነው እኮ!"

እኔ መቼ ዝም እላለሁ። "ልጁ እውነቱን ነው!" አልኩ። "ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ይባል የለ! የሰውን ወለል ጭጭ ስታሰኝ ኖረህ የራስህ ሲረገጥ ይጮሃል። ያቺ መሃል ያለችዋ ጣውላማ ጅራቱን የረገጡት ውሻ ነው የምትመስለኝ። እኔን ብትሰማኝ ይፍረስ!" ጠረጴዛውንም ያን ጊዜ ነው የመታሁት።

እህቴ ሻይው ወደ ጉልበቷ ሲወርድ እንኳ አልተነሣችም። ከዚያ ቀስ ብላ "አትንኩት" አለች።

"ምኑን እማዬ?"

"በረንዳውን። እንዳለ ተዉት።"

"እማዬ፣ ሊወድቅ ነው።"

"እኔ ስወድቅ አብሮኝ ይወድቃል።"

ልጇ ሳቀ። እኔ "አንቺ ደግሞ ደርቀሻል" አልኳት። ጋሼ ግን ደረቱን ነፋ፤ ሥራውን ወዳለት መስሎት ነው። ይኸው ሦስት ሰው፣ ስድስት ጤነኛ ዓይን፣ አንዳችንም አላየንም።

እንዲጠገን ተባለ፤ ነገሩ በዚያ አበቃ ብዬ ነበር። የኔ ምላስ ግን ሥራውን ሠርቶ ኖሯል። ይጮሃል ያልኩት ጋሼ ሆድ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። እኔ ደግሞ አንዴ ካገኘሁ አልለቅም፤ ጣውላዋ ሲጢጥ ባለች ቁጥር "ይኸው፣ የአናጢው ቤት!" እላለሁ። ምላሴን ይቁረጠው።

ረቡዕ ዕለት እህቴን ለዓይኗ ቀጠሮ ይዣት ሄድኩ። ታክሲ ስንወርድ ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። "ጉልበቴን አሞኛል" አለችኝ። "እርጅና መጣ" ብዬ ቀለድኩባት። ሐኪሙ ክፍል ሁልጊዜ ከነርሷ ጋር ነው የምትገባው፣ እኔን ውጭ ታስቀምጠኛለች። እኛ ሐኪም ቤት ተራ ስንጠብቅ ጋሼ እቤት ተአምር እየሠራ ነው። የምትጮኸዋን ጣውላ ነቅሎ በአዲስ ተካ። ለጊዜው እንዳይወድቅ ከሥር ደጋፊ እንጨት አቆመ። የጣውላዎቹን ክፍተት ሁሉ በቀጫጭን እንጨት ሞላ። ከዚያ መላጊያውን አንሥቶ ከበሩ እስከ ደረጃው ላጋው። በመጨረሻ ጎረቤቱን ጠርቶ ከላይ እያራመደ ሥር ገብቶ ተኛ። ጭጭ። አንዲት ትንፋሽ የለም።

ስንመለስ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ላብ በላብ ሆኗል፣ የእንጨት ብናኝ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር አለ፣ ደስታው ግን የልጅ ነው። "እመቤት፣ ውጪና እዪልኝ" አላት። እመቤት ነው የሚላት፤ ሲቆጣም ሲወድም።

እህቴ ወጣች። እንደ ልማዷ ቀጥ ብላ፣ አገጯን ቀና አድርጋ። ጋሼ ፈገግ ብሎ ፊቷን ያያል፣ እኔ ደግሞ "ኧረ መስታወት አስመሰለው!" እላለሁ። እሷ ግን ወደ ወንበሯ መታጠፊያው ላይ አልታጠፈችም። እርምጃዋ ቀዘቀዘ፣ እግሯ እንደመፈለግ አለ፣ ግን አልቆመችም። ቀጥ ብላ ሄደች። ሄደች። እስከ ጠርዙ። ከዚያ ሁለቱን ደረጃ ስታ ባዶ አየር ረግጣ ጓሮው ውስጥ ወደቀች።

ወይ አምላኬ። ደርሰን ስናነሣት ከንፈሯ ደምቷል፣ እጇ ማበጥ ጀምሯል። አላለቀሰችም። "ሰባተኛዋ የታለች?" አለች። "ሰባተኛዋ የት ሄደች?"

ጭንቅላቷን የመታት መሰለኝ። አስገብተን አስቀመጥናትና እኔ ውሃ ላሞቅ ወጣሁ። ምድጃው አጠገብ የተጣለች አሮጌ ጣውላ አገኘሁ፤ በመጥረቢያ ፈልጬ አነደድኳት። በደንብ ነደደች። የእህቴን እጅ በሙቅ ውሃ ስንዘፈዝፍ ጋሼ እግሯ ሥር በርከክ ብሎ ፊቷን ይመለከታል።

"እመቤት፣ አታይኝም እንዴ?"

"አይሃለሁ።"

"ምን ለብሻለሁ?"

"ሸሚዝህን ነዋ። አምሮብሃል።"

ጋሼ ሸሚዙን ካወለቀ ሰዓታት ሆኖታል። በካናቴራ ነው፤ ያውም ላብ ያበሰበሰው፣ ትከሻው ላይ የተቀደደ። ልስቅ አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን ልቅሶ ነው። ጋሼ ግንባሩን ጉልበቷ ላይ ጣለ።

ከዚያ ነገረችን። ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚታያት፤ እሱም ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ። በረንዳውን በእግሯ ነው የምታውቀው። ሃያ ሦስት ጣውላ ነው። እያንዳንዷን እንደ ስልክ ቁጥር በቃሏ ይዛታለች። ሰባተኛዋ ሲጢጥ ስትል ወደ ቀኝ ትታጠፋለች፣ አራት እርምጃ፣ ወንበሯ። ዛሬ ሰባተኛዋ ዝም አለቻት። ሰፊውም ጠባቡም አንድ ሆነባት። "ትንሽ ከሄድኩ አገኛታለሁ ብዬ ነው" አለች።

"ለምን አልነገርሽንም?" አልኩ፤ ማዘኔ ነው ቁጣ ሆኖ የወጣው። "እኛ ባዳ ነን?"

"ብነግራችሁ እጄን ትይዙኛላችሁ" አለች። "አንዴ ከያዛችሁኝ ደግሞ አትለቁኝም።"

እውነቷን ነው፣ አልለቃትም ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ እህቴ በረንዳው ላይ መውጣት ተወች። ወንበሯን ወጥ ቤት ውስጥ በሩ አጠገብ አስጠጋችና እዚያ ትውላለች። ፀሐይ ውጭ አናት ይበሳል፣ እሷ "ዛሬ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው" ትላለች። ክንዴን ስሰጣት "በኋላ" ትለኛለች። ሰው ሲመጣ "አምሮብሃል" ማለቷንም ተወች። ከሁሉ ይህ አንጀቴን በላው። ጋሼ ደግሞ ዘጠኝ ቀን መሣሪያ አልነካም። ግድግዳ ላይ ፎቶ ተንጋዶ አይቶ አለፈው፤ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት።

በአሥረኛው ቀን ቀትር ላይ መስኮቴ ሥር ኮቴ ሰማሁ። ብቅ ብል ጋሼ ጫማውን አውልቆ፣ ከኔ ክፍል የወሰደውን ቀይ የገበር ጨርቅ ዓይኑ ላይ አስሮ በረንዳው ላይ ይራመዳል። ሁለቱን እጆቹን ወደፊት ዘርግቷል። ጥጉ ላይ የቆመው ምሰሶ ጋ ደርሶ ግንባሩን ገጨ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳምንት እስቅበት ነበር።

"ጋሼ..."

"ዝም በይ፣ አትንገሪያት።" ጨርቁን አልፈታም። በእግሩ ጣቶች ወለሉን ይዳስሳል። "ምንም የለም እኮ። ያሳመርኩት ሁሉ ምንም አይናገርም። ግድግዳ ላይ የቆምኩ ነው የሚመስለኝ።" ቀጥሎ ድምፁ ተሰበረ። "መውጫ በሯን ዘጋሁባት እኮ፣ አንቺ።"

ልናገረው ያሰብኩት ብዙ ነበር። "እኔም ነኝ" አልኩት፣ ወጣልኝ። "እኔ ነኝ ይጮሃል ይጮሃል እያልኩ የነዘነዝኩህ።" "አይ፣ አንቺማ ትነዘንዣለሽ" አለ፤ "ሰምቼሽ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ምን ነክቶኝ እንደሰማሁሽ!"

ጨርቁን ፈትቶ ገባና እህቴ ፊት ተቀመጠ። ከጆሮው ላይ የአናጢ እርሳሱን አወረደ። መጻፊያ ወረቀት ፈልጎ አላገኘም፣ አንድ ሳንቃ ጭኑ ላይ አጋደመ።

"ቁጥሮቹን ንገሪኝ" አላት።

"የምን ቁጥር?"

"የበረንዳውን። ከአንድ ጀምረሽ።"

እህቴ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር በራ። ጉሮሮዋን ጠራረገች፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ ከዚያ ያ የስልክ ቤት ድምፅዋ መጣ፤ ስንት ዘመን ያልሰማሁት ድምፅ።

"አንድ፦ ሰፊ። ከደፉ ትንሽ ዝቅ ትላለች። ሁለት፦ ጠባብ። ሦስት፦ መሃሏ ላይ ጉጥ አላት፣ በተረከዝ ትታወቃለች። አራትና አምስት መሃላቸው ጣት ያስገባል..."

"ቀስ በይ፣ ልጻፍ!"

"መስመሩን ይጠብቁ" አለችው። እሱም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ እኔ ሽንኩርት የምከትፍ መስዬ ፊቴን አዞርኩ። ቀጠለች። "ሰባት፦ ሲጢጥ። ወደ ቀኝ፣ ወንበር። አሥራ አምስት፦ ሰርጎድ ትላለች፣ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ትይዛለች። ወደ ግራ፣ ቧንቧ። ሃያ ሁለት፦ የምስማር ራስ ብቅ ብሏል። ሃያ ሦስት፦ ጠርዟ የተበላ። ቁም። ደረጃ።"

ጋሼ ሁሉንም ጽፎ ሲጨርስ ሳንቃውን ትክ ብሎ አየው። "ሠላሳ አንድ ዓመት ስረግጠው እኔ የማውቀው የትኛው ጠማማ እንደሆነ ብቻ ነው" አለ።

ቅዳሜ ልጃቸው መጣ፤ አባትየው ቁርጡን ነገረው። "ከሥር ያለው በሙሉ ይፈርሳል፣ አንተ እንዳልከው። ሲሚንቶህንም አምጣ፣ የምሰሶዎቹ እግር ላይ ታፈሰዋለህ። ላዩ ግን አንድ በአንድ ተነሥቶ፣ አንድ በአንድ ወደ ቦታው ይመለሳል።"

"አባዬ፣ አዲስ ጣውላ መምታቱ አይቀልም?"

"ይቀላል" አለ ጋሼ። "እናትህ ግን አዲሱን አታውቀውም።"

ልጁ እጅጌውን ጠቀለለ። ሁለቱ አንድ ሳምንት ሠሩ። እያንዳንዷ ጣውላ ስትነሣ ሆዷ ላይ በእርሳስ ቁጥር ተጻፈባት። የተሞላው ክፍተት ሁሉ ተፈለቀቀ፣ መላጊያ ያስተካከለው ጉጥና ጠርዝም በመሮ ተመልሶ ወጣ። አምስቱ ጣውላ ሲነሣ እጃቸው ላይ ተሰባበረ፤ ለእነሱ አዲስ ተቆረጠ፣ በሳንቃው ላይ እንደተጻፈው ተደርጎ። አሥራ አምስተኛዋ ከአምስቱ አንዷ ነበረች። ጋሼ ምንም ያልጎደለባትን ጤነኛ ጣውላ በመሮ መሃሏን ሲያሰረጉድ ፊቱን እንደ ጥርስ ሕመምተኛ አጨማድዶ ነው። "ይህን ሰው እንዳያይብኝ" ይላል በየመሃሉ።

ስድስት ቁጥር ሲመታ ቀና ብሎ ጠየቀኝ። "ያቺ አሮጌዋ ሰባተኛ የት አለች? ምድጃው ጋ ጥያት ነበር።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

"አነደድኳት" አልኩ።

"ምን?"

"ያን ቀን... ለእጇ ውሃ ላሞቅ ብዬ።"

እንዲጮህብኝ ፈለግሁ፣ እውነቴን ነው። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀና "ደግ አደረግሽ፣ እጇ ሙቅ ውሃ ያስፈልገው ነበር" አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ። ክፍሌ ገብቼ መኪናዬን ያለ ጨርቅ ሳንኳኳ ቆየሁ፣ ልቅሶዬ እንዳይሰማ።

ሰባተኛዋን እንግዲህ አዲስ መሥራት ግድ ሆነ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። አርባ ዓመት ድምፅ ሲያጠፋ የኖረ እጅ ድምፅ መፍጠር አቃተው! ይመታታል፣ ያስረግጠኛል፣ ጭጭ። ይነቅላታል፣ ሌላ ጣውላ ይሞክራል፣ እንደገና ጭጭ። አላልቶ ሊመታ ያስባል፣ እጁ ግን ሳያስበው ያጠብቃል። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀን መዶሻውን ለልጁ አቀበለው።

"አንተ ምታው።"

"እኔ?"

"አንተ የመታኸው ምስማር መቼ ሳይጮህ ቀርቶ ያውቃል?"

"አባዬ፣ ልጅነቴን ሙሉ የሰደብከኝ ለዚህ ነበር?"

"ለዚህች ቀን ሳዘጋጅህ ነው።"

ልጁ ሁለት ምስማር መታ፤ አንዱን ቀና፣ አንዱን ገደድ አድርጎ። እኔ ረገጥኩ። ሲጢጥ! ጋሼ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። "እሰይ የኔ ልጅ! በዕድሜህ እንዲህ አድርገህ አበላሽተህ አታውቅም!" ልጁን አቅፎ ግንባሩን ሳመው። ሁለቱ እንዲያ ሲተቃቀፉ አይቼ አላውቅም።

እሑድ ጠዋት እህቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ጫማዋን አወለቀች። አንድ እጇ መቃኑን ይዟል። ልጇ ደረጃው ጋ ቆሟል፤ እንዳይናገር አባቱ አስምሎታል። ጋሼ ጎንበስ ብሎ በረንዳው ሥር ገባና ተኛ። እኔ ጓሮው ውስጥ ሆኜ የሚታዩኝ ሁለቱ እግሮቹ ብቻ ናቸው።

"ጋሼ፣ እጇን ልያዛት?" አልኩ። አላስችል ብሎኝ ነው።

"አንቺ እጅሽን ያዢ" አለ ከሥር።

እህቴ መቃኑን ለቀቀች። አንድ። ሰፊዋ። ሁለት። ሦስተኛዋ ላይ ተረከዟን አዞር አድርጋ ጉጧን ፈለገች፣ አገኘቻት። አራት። አምስት። ከበረንዳው ሥር የጋሼ አውራ ጣት በእያንዳንዷ እርምጃ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እሱም እየቆጠረ ነው። ስድስት።

ሲጢጥ።

እህቴ ቆመች። እግሯን አንሥታ ደግማ ረገጠቻት። ሲጢጥ።

"ድምፅዋ ቀጥኗል" አለች።

"ገና ልጅ ናት" አለ ጋሼ ከሥር። "ትጎረምሳለች።"

እህቴ ሳቀች። ወደ ቀኝ ታጠፈች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ እጇ የወንበሯን መደገፊያ ያዘ። ዞራ ተቀመጠች፣ ፊቷንም ለፀሐይ ሰጠች። ልጇ ወደ ዛፉ ዞሮ ዓይኑን ጠራረገ። እኔማ ምን እደብቃለሁ፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

"ማን ነው የሚያለቅሰው?" አለች እህቴ። "አንቺ ነሽ? ነይ ወዲህ። ዛሬ አምሮብሻል።"

ያን ዕለት ፊቴን እንኳ አልታጠብኩም ነበር።

ትንሽ ቆየን። ጋሼ ግን አይወጣም። እግሮቹ እንደተዘረጉ ናቸው።

"ሰውዬ፣ ውጣ እንግዲህ" አለችው እህቴ። "መሬቱ ይቀዘቅዝሃል።"

"ቆይ እመቤት" አለ። ድምፁ ጥሩ አልነበረም። "መመለስሽን ልስማ።"

እህቴ የወንበሯን መደገፊያ ይዛ ተነሣች።